እጩው፣ ሠራተኛዋ እና የለጋሹ ብር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ዘመቻ ላይ ሠርቻለሁ ባልኩ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ እጩ በለጋሾች ብር ከሚከፈላት ሠራተኛው ጋር ስለሚይዘው ፍቅር ነው፤ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ከቀላሉ ልጀምር።

የዘመቻ ሠራተኛ የሚባለው ማን ነው? ደሞዙንስ ማን ይከፍለዋል?

እጩውን ተከትሎ የሚሮጠው ሁሉ ሠራተኛ አይደለም። ብዙው በጎ ፈቃደኛ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ፒዛውን በልቶ ይሄዳል። እዚህ የምናወራው ቼክ ስለሚቀበሉት ነው፦ የዘመቻ ሥራ አስኪያጁ፣ ገንዘብ አሰባሳቢዋ፣ ሒሳብ ያዡ፣ ቪዲዮ የሚያነሳው፣ ከእጩው ጋር መኪና ውስጥ የምትውለው ረዳት፣ በጎ ፈቃደኞችን በየሰፈሩ የሚያሰማራው ልጅ። አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ናቸው። ሥራው ኖቬምበር ላይ ያልቃል። ቀጣዩ እንጀራ የሚገኘው ደግሞ አለቃ ስልክ አንስቶ «ጎበዝ ናት፣ ቅጠሯት» ሲል ነው።

ደሞዙ ከመንግሥት ካዝና አይወጣም፤ ከለጋሾች መዋጮ ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ በፖስታ የላኩት 25 ዶላር፣ የኡበር ሾፌሩ እራት ግብዣ ላይ የሰጠው 100 ዶላር ተጠራቅሞ ነው ደሞዝ የሚሆነው። በአንጻሩ በምክር ቤት አባሉ ቢሮ ውስጥ የሚሠራው የመንግሥት ደሞዝተኛ ነው። ሁለቱ የሚተዳደሩበት ሕግ ይለያያል። ከታች የማነሳው ግራ መጋባት ግማሹ የሚመጣው ይህን ካለመለየት ነው።

ሁለቱም አዋቂ ናቸው፣ ሁለቱም ፈቅደዋል። ሌላውን ምን አገባው?

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ግማሹ ልክ ነው። ፍቅር ወንጀል አይደለም፤ ሰው ደግሞ በቀን 14 ሰዓት አብሮት የሚውለውን ሰው መውደዱ አይገርምም። የዘመቻ ቢሮ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አንድ ነገር አምነው፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተናደዱ የሚኖሩበት ቤት ነው። እዚያ የተዋወቁና ዛሬ ልጅ የወለዱ ባልና ሚስት አውቃለሁ። እነሱ ግን እኩያ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ቼክ አይፈርምም።

እጩው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። «አይሆንም» ማለት ስንት ያስከፍላል ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛዋ ካፌ ውስጥ ላገኘችው ሰው «አይሆንም» ብትል የምታጣው ነገር የለም። ለእጩው ብትል ግን ደሞዟን፣ የሚቀጥለውን ሥራዋን፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት የለፋችበትን ዓላማ ልታጣ ትችላለች። ደግሞ የመጀመሪያው «እሺ» ከልብ ሊሆን ይችላል። የሚከብደው ከስድስት ወር በኋላ «ይብቃን» ማለት ነው። አለቃን ጥሎ ማግስቱን አብሮት መኪና ውስጥ መግባት እንዴት ይቻላል?

የእኔ ትልቁ ጥያቄ ግን ስለ ገንዘቡ ነው። እጩው ለወዳጁ የሚከፍለው የራሱን ብር አይደለም። ሴትዮዋ ሥራዋን አሳምራ ብትሠራም እንኳ «ይህን ያህል ይገባታል» ብሎ የሚወስነው ሰው ዓይኑ በፍቅር የተጋረደ ነው። አስተማሪዋ 25 ዶላራቸውን የላኩት በዚህ ፍርድ ላይ ተማምነው አልነበረም።

ሕጉ በግልጽ ይከለክላል?

ለምክር ቤት ሠራተኞች፣ አዎ። የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2018 የውስጥ ደንቡን ለውጦ፣ አባላት በሥራቸው ካሉ የምክር ቤት ሠራተኞች ጋር የወሲብ ግንኙነት እንዳይኖራቸው ከለከለ። የተጋቡ ብቻ ከዚህ ውጭ ናቸው። በ2019 ደግሞ አባሉ በሚሠራበት ኮሚቴ ላሉ ሠራተኞችም ተዘረጋ። ፈቃደኝነት ሰበብ አይሆንም፤ ደንቡ «ፈቅዳለች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ለዘመቻ ሠራተኛ ግን ይህ ደንብ አይደርስም። የሚደርሰው አጠቃላዩ የሥራ ሕግ ነው። የፌዴራሉ ፀረ መድልዎ ሕግ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ የሚመለከተው ግን 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ነው። ለካውንቲ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስንት ደሞዝተኛ አለው? ሦስት፣ አራት። እርግጥ ከዚያ ባነሰ ቁጥርም የሚሸፍኑ ግዛቶች አሉ፣ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክን የመሰሉ። ሌላ ቦታ ትንሹ ዘመቻ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። የሚገርመው ወጣቶች ሥራ የሚጀምሩት እዚያ መሆኑ ነው።

ታዲያ ኬቲ ሂል ለምን ለቀቀች?

የ2019 ታሪክ ነው። ሂል በ2018 ከካሊፎርኒያ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠች ወጣት ዴሞክራት ነበረች። ሁለት ነገር ተወራባት፦ አንዱ ከመመረጧ በፊት ከዘመቻዋ ሠራተኛ ጋር ግንኙነት ነበራት የሚል፣ ሁለተኛው ከምክር ቤት ቢሮዋ ሠራተኛ ጋር ግንኙነት አላት የሚል። ሁለተኛውን ካደች። የመጀመሪያውን አመነች፤ ተገቢ እንዳልነበረም ለመራጮቿ ጻፈች። የሥነ ምግባር ኮሚቴው በኦክቶበር ምርመራ ሲጀምር፣ በቀናት ውስጥ እንደምትለቅ አሳወቀች።

ልብ በሉ። የካደችው ደንቡ የሚከለክለውን ነው። ያመነችው ደንቡ የማይነካውን ነው። ሆኖም ቢሮዋን የለቀቀችው ደንቡን ጥሳለች የሚል ውሳኔ ሳይሰጥባት ነው። ሕግና ሥነ ምግባር አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

በመካከሉ እርቃኗን የሚያሳዩ የግል ፎቶዎቿ ያለ ፈቃዷ ወጡ። ያ ራሱን የቻለ በደል ነው። አንዱ ጥፋት ሌላውን አያጥብም። ቡና ላይ ስናወራ ግን ሁለቱን አንድ ላይ እንጠቀልላቸዋለን፤ «የእጇን ነው ያገኘችው» የሚልም አይጠፋም። አይደለም። አለቃ ሆና መሳሳቷ ሌላ፣ ገላዋ አደባባይ መውጣቱ ሌላ።

እጩ ሚስቱን ወይም ባሏን በዘመቻው ገንዘብ መቅጠር ይችላል?

ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ደንብ የሚለው፣ የቤተሰብ አባል እውነተኛ ሥራ ከሠራ ሊከፈለው ይችላል፣ ክፍያው ግን ከገበያው ዋጋ መብለጥ የለበትም ነው። ትርፉ የዘመቻን ገንዘብ ለግል ጥቅም እንደማዋል ይቆጠራል። ሁለት ጥያቄ ነው እንግዲህ፦ ሥራው አለ ወይ? ዋጋውስ ሌላ ሰው የሚጠይቀው ዋጋ ነው ወይ?

የሚዙሪዋ የምክር ቤት አባል የነበረችው ኮሪ ቡሽ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሳል። ከ2022 ጀምሮ ዘመቻዋ ለጥበቃ ሥራ ይከፍለው የነበረ ሰው ነበር፤ በ2023 መጀመሪያ አገባችው። ክፍያው ቀጠለ። በጃንዋሪ 2024 የፍትሕ ሚኒስቴር የጥበቃ ወጪዋን እየመረመረ መሆኑን ራሷ አረጋገጠች። መከራከሪያዋ ልክ ደንቡ የሚጠይቀው ነበር፦ ሥራው እውነተኛ ነው፣ የተከፈለውም ከገበያ ዋጋ አይበልጥም።

የባልና ሚስት ቅጥር መጨረሻው ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ማየት ለፈለገ የሳንዲዬጎው የምክር ቤት አባል የነበረው ዳንከን ሃንተር አለ። ሚስቱ ደሞዝ የሚከፈላት የዘመቻው ሥራ አስኪያጅ ነበረች። በ2018 ባልና ሚስቱ በዘመቻው ገንዘብ የግል ኑሯቸውን ኖሩበት ተብለው አንድ ላይ ተከሰሱ። እሷ በ2019 ጥፋቷን አምና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተባበረች። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፦ ባልየው ከሌሎች ሴቶች ጋር ለሚያሳልፈው ጊዜም ከዚያው ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ከሴቶቹ መካከል ሎቢስቶች (ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት የሚከፈላቸው ሰዎች) እና የኮንግረስ ሠራተኞች ነበሩ። እሱም በመጨረሻ አመነ፣ 11 ወር ተፈረደበት፣ በዲሴምበር 2020 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ይቅርታ ተደረገለት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የምንለው እዚያም አለ ለካ።

ገና ካልተጋቡስ? ፍቅረኛ ቤተሰብ ነው?

ነገሩ መወሳሰብ የሚጀምረው እዚህ ነው። ኮሚሽኑ ከወላጅ፣ ከወንድምና ከእህት በተጨማሪ ከእጩው ጋር በአንድ ቤት የሚኖርን ሰው እንደ ቤተሰብ ይቆጥራል። በየቤታቸው የሚኖሩ ፍቅረኞች ግን ከዚህ መስመር ውጭ ናቸው። ስለዚህ ኪራይ አብሮ መክፈል ትልቅ ሕጋዊ ትርጉም አለው። ለአንዳንዱ ያስቃል፣ ግን ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት።

የሚኒሶታዋ የምክር ቤት አባል ኢልሃን ኦማር ጉዳይ በዚህ ቀዳዳ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው። ዘመቻዋ ለአንድ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ይከፍል ነበር። ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ ቲም ማይኔት ነበር። በ2019 ስለ ሁለቱ ግንኙነትና ስለ ክፍያው አቤቱታ ቀረበ፣ በማርች 2020 ኦማርና ማይኔት ተጋቡ፣ ክፍያው ቀጠለ። በ2020ው ምርጫ ለድርጅቱ የወጣው ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። አብዛኛው ለማስታወቂያ፣ ለፖስታና ለመሳሰለው የሚውል ነው፤ ሙሉው ኪስ አይገባም። እሷም አገልግሎቱ እውነተኛ፣ ዋጋውም የገበያ ነው ብላ ተከራክራለች። ሕግ ጥሳለች የሚል ውሳኔም አልተሰጠም። ሆኖም ምርጫውን ካሸነፈች በኋላ በኖቬምበር 2020 ከድርጅቱ ጋር ያላትን ውል አቋረጠች፤ ምክንያቷም ለጋሾቿ ጥርጣሬ እንዳያድርባቸው የሚል ነበር።

ሚኒያፖሊስ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ ሆነው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ «ሙስሊም ስደተኛ ስለሆነች ነው» ይላል። ሌላው «ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ትል ነበር?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔ ግን እላለሁ፣ በ2020 መጨረሻ ያደረገችውን በማርች፣ በሠርጉ ሳምንት ብታደርገው ክርክሩ ግማሹ አይኖርም ነበር።

የጆን ኤድዋርድስ ጉዳይ ለምን ሁልጊዜ ይጠቀሳል?

ሁሉም ነገር ስላለበት። ኤድዋርድስ የሰሜን ካሮላይና ሴናተር የነበረ፣ በ2004 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ሰው ነው። ለ2008 ሲዘጋጅ አንዲት ቪዲዮ አንሺ ተዋወቀ። የሱ የፖለቲካ ኮሚቴ ለድረ ገጽ አጫጭር ቪዲዮዎች እንድትሠራ ቀጠራት፤ ከ100,000 ዶላር በላይ ተከፈላት። ግንኙነት ነበራቸው። ልጅ መጣ። ሚስቱ ኤልዛቤት በዚያ ወቅት ካንሰር ነበረባት።

ከዚያ መሸፋፈኑ ተጀመረ። ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ የራሱ ረዳት «የልጅቷ አባት እኔ ነኝ» ብሎ ወጣ። አለቃ ሠራተኛውን ምን ድረስ ሊያዘው እንደሚችል ለማየት ይህ ይበቃል፤ ሰውየው ስሙንና ትዳሩን ነው የሰጠው። ቪዲዮ አንሺዋን ለመደበቅ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ 100 የተጠጋ ባለጸጋ፣ ወይዘሮ ሬቸል ሜሎን፣ 725,000 ዶላር ሰጡ። ቼኮቹ በቀጥታ አልሄዱም፤ ለቤት አስዋቢያቸው እየተጻፉ ነው የተላለፉት። ቼኩ ጥግ ላይ ምን ተጻፈ? «ወንበሮች»። «የጥንት ጠረጴዛ»። የሴት መደበቂያ ገንዘብ የዕቃ ቤት ስም ወጣለት።

በ2011 ተከሰሰ። ያኔ አንድ ሰው ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው 2,300 ዶላር ነበር። ዐቃቤ ሕግ ይህ ሁሉ ገንዘብ እጩነቱን ለማዳን የተሰጠ ስለሆነ ሕገወጥ መዋጮ ነው አለ። ኤድዋርድስ ደግሞ «ከሚስቴ ለመደበቅ ነው፣ ከመራጭ አይደለም» አለ። እስቲ አስቡት፤ የመከላከያው ፍሬ ነገር «ባል ሆኜ ነው የዋሸሁት» የሚል ነው። ግሪንስቦሮ ላይ የተቀመጠው ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የዳኝነት ጉባኤ (ጁሪ) በሜይ 2012 በአንድ ክስ ነጻ አለው፣ በአምስቱ መስማማት አልቻለም፣ መንግሥት ክሱን ተወው። ስለዚህ «ኤድዋርድስ ተፈርዶበታል» የሚላችሁ ሰው ተሳስቷል።

ሠራተኛዋ ባለትዳር ስትሆን፣ ባሏም እዚያው ሲሠራስ?

የኔቫዳው ሴናተር ጆን ኤንሳይን ይህን ነው ያደረገው። ሚስትየዋ የዘመቻው ሒሳብ ያዥ ነበረች። ባልየው የሴኔት ቢሮው ከፍተኛ ረዳትና የቤተሰብ ወዳጅ ነበር። ግንኙነቱ በቆየበት ጊዜ የእሷ ደሞዝ እጥፍ ሆነ። ነገሩ ሲፈነዳ ሁለቱም ከሥራ ወጡ። በ2008 የሴናተሩ ወላጆች ለባልና ሚስቱ ቤተሰብ 96,000 ዶላር ሰጡ፣ በ8 ቼክ፣ እያንዳንዱ 12,000። ያ ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። በዚያ ዓመት የስጦታ ታክስ ሳያስነሳ አንድ ሰው ለሌላው መስጠት የሚችለው ልክ 12,000 ነበር። የሴናተሩ ወገን ስጦታ ነው አለ። የሴኔቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ልዩ አማካሪ ግን የስንብት ክፍያ ሆኖ ታየው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል። እዚህ ግን ባልየው ሰማ፣ አወቀ፣ ለመነ፤ ደሞዙ ግን በሚስቱ ወዳጅ እጅ ነበር። ኤንሳይን በሜይ 2011 ለቀቀ። ባልየው ራሱ ከቢሮው እንደወጣ ሕግ ከሚፈቅደው ጊዜ በፊት ሎቢ አድርገሃል ተብሎ ተከሶ አመነ። ከሁሉም የሚከፋኝ ይህ ነው፤ ከተበደሉት አንዱ ወንጀለኛ ሆኖ ወጣ።

በፍቅረኞቹ መካከል ያለ ነገር ሌላውን ሠራተኛ እንዴት ይነካል?

ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ለአንድ አነስተኛ ምርጫ የአማርኛ በራሪ ወረቀት እየተረጎምኩ፣ ቅዳሜና እሁድ በር እያንኳኳሁ ሠርቻለሁ። ቢሮው ከልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ነበር፤ የሳሙና ሽታ ወረቀቱ ላይ ሁሉ ይቀራል። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ አለ። በየቀኑ ማን የት እንደሚሄድ ይጻፍበታል። «ከእጩው መኪና ጋር» በሚለው መስመር ላይ ሁልጊዜ የአንዲት ልጅ ስም ነበር። በሌላ ቀለም። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም።

በሴፕቴምበር ገንዘብ አጠረ ተባለና የሁላችንም ሰዓት ተቆረጠ። የእሷ አልተቆረጠም። ማንም አልተናገረም፣ ሁሉም አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ያለው ሰው በስብሰባ ላይ መናገር ተወ፤ ለእሷ ሹክ ይላታል፣ እሷ ማታ ታደርሳለች። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች። እውነቴን ነው፣ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። ግን ማንም ጉብዝናዋን ማየት አልቻለም። እሷም ራሷ አንድ ቀን ሎሚናት እየጠጣን «ሥራዬን የሚያመሰግነኝ ሰው ጠፋ» አለችኝ። ምን ልበላት? ዝም አልኩ። አሁንም ይቆጨኛል።

ከልብ ከተዋደዱ ምን ማድረግ አለባቸው?

አንዱ ከደሞዝ መዝገቡ ይውጣ። ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው። እጩው ከእጩነት አይወርድም፣ ስለዚህ የሚወጣው ሠራተኛው ነው፤ ያ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ለዚህ ነው የመውጫው ወጪ በእጩው ትከሻ ላይ መሆን ያለበት፦ ሌላ ቦታ ሥራ ማፈላለግ፣ የድጋፍ ደብዳቤው በሌላ ሰው እጅ እንዲጻፍ ማድረግ፣ እና የሚወደው ሰው በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ሊቀጥል ቢፈልግ በሌላ ሰው ሥር ማድረግ። ለዘመቻው ጠበቃና ለሥራ አስኪያጁ ቶሎ መንገር ነው። ለሕዝብ መግለጫ ማውጣት አይጠበቅም።

ግንኙነቱ ከዘመቻው በፊት ከነበረ ይቀላል። ድሮ የነበረ ፍቅር አለቃነት አልወለደውም። ያኔ የሚቀረው የዋጋው ጉዳይ ብቻ ነው።

ሌላ አገር እንዴት ነው?

አውስትራሊያ በ2018 ተናወጠች። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ ከቀድሞ የሚዲያ ሠራተኛው ጋር ልጅ እንደሚጠብቅ ጋዜጣ አወጣ። ሰውን ያስቆጣው ትዳር መፍረሱ ብቻ አልነበረም፤ ሴትዮዋ ከእሱ ቢሮ ወጥታ በሌሎች የፓርቲው ሰዎች ቢሮ መቀጠሯ ነበር። ሥራው ለእሷ ተብሎ ተፈጠረ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ያገባም ያላገባም ሚኒስትር ከሠራተኛው ጋር የወሲብ ግንኙነት እንዳይኖረው የሚል ደንብ አወጡ። ጆይስ በዚያው ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። በ2021 ግን ወደዚያው ወንበር ተመለሰ፤ ፖለቲካ አይደል!

እንግሊዝ ውስጥ የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ ቢሮው ውስጥ ከአማካሪው ጋር ሲሳሳም የሚያሳይ የካሜራ ምስል በጁን 2021 ጋዜጣ ላይ ወጣ። የለቀቀው በኮቪድ ርቀት መመሪያ ነው። ሴትዮዋ በሚኒስቴሩ ውስጥ በዓመት 15,000 ፓውንድ የሚከፈልበት የቦርድ ቦታ መያዟ ግን በወረርሽኙ ጫጫታ ተዋጠ። ለእኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር።

ፍርዱ ሴት ፖለቲከኛ ላይ ይከብዳል ይባላል። እውነት ነው?

ሁለት የካሊፎርኒያ ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሂል ስሟ በተነሳ በቀናት ውስጥ ሄደች። ሃንተር በኦገስት 2018 ተከሶ፣ በኖቬምበር 2018 ተመርጦ፣ እስከ ጃንዋሪ 2020 ወንበሩ ላይ ቆየ። እርግጥ ፓርቲያቸውና መራጫቸው ይለያያል። ወንዶችም ወዲያው የለቀቁበት ጊዜ አለ፤ የኢንዲያናው ማርክ ሱደር በ2010 ከሠራተኛው ጋር ባለው ግንኙነት ወዲያው ነው የሄደው። ሁለት ሦስት ሰው አስልቶ ሕግ ማውጣት አይቻልም። ግን የሂል ፎቶ ስንቱ ስልክ ላይ ዞረ? የሃንተርን ማን ፈለገው?

ልጄ ዘመቻ ላይ ልትሠራ ነው። ምን ልንገራት?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ እናቶች ይህን ይጠይቁኛል። ሥራው ጥሩ ነው፣ ትሂድ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ትጠይቅ፦ «ችግር ቢገጥመኝ የምናገረው ለማን ነው?» መልሱ «ለእጩው» ብቻ ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው። ክፍያዋን፣ የሥራ ሰዓቷንና ኃላፊነቷን በጽሑፍ ትያዝ። እጩው ሌሊት የግል መልእክት መላክ ከጀመረ አታጥፋው፣ ታስቀምጠው። መልስ መስጠት ግዴታዋ አይደለም።

አቤት ማለት ካስፈለገ ጊዜ ይሮጣል። ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከቻ የሚገባው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የግዛቱም መሥሪያ ቤት በሚኖርበት ቦታ 300 ቀን ይሆናል። «ምርጫው ይለፍና» እያሉ መቆየት እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። እናቶች ደግሞ እባካችሁ «ምን አድርገሽው ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ።

ገንዘብ የሰጠሁት እጩ ለወዳጁ እየከፈለ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ? ብሬንስ ያስመልሱልኛል?

ለፌዴራል ምርጫ ከሆነ በምርጫ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ወጪው ይታያል። ለአንድ ሰው ወይም ድርጅት የተከፈለው ከ200 ዶላር ሲያልፍ ስም፣ ቀን፣ መጠንና ምክንያት ይጻፋል። የእጩውን ስም ጽፋችሁ «ወጪ» የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ በተከፋይ ስም ደርድሩት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ እጩ ከመደገፌ በፊት አደርገዋለሁ፤ ሰው ጋብቻ ሲጠየቅ ዘር እንደሚያጣራው።

ቀዳዳ አለው። ክፍያው ለድርጅት ከሆነ የምታዩት የድርጅቱን ስም ብቻ ነው። ድርጅቱ በተራው ለማን እንደከፈለ አይታይም። የኤድዋርድስ ቪዲዮ አንሺም የተከፈላት በድርጅቷ ስም ነበር። መዝገቡን ከፍቶ ያየ ሰው የሚያነበው «ቪዲዮ ሥራ» የሚል ዓይነት መስመር ነው። ብሩን በተመለከተ፣ በሕግ የማስመለስ መብት የላችሁም። ደብዳቤ ጽፋችሁ ብትጠይቁ ፈቅደው የሚመልሱ ዘመቻዎች አሉ። እኔ አንድ ጊዜ 50 ዶላር ጠይቄ ቼኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣልኝ። ከፖስታው ውስጥ ግን ለሚቀጥለው ምርጫ የመዋጮ ቅጽም አብሮ ነበር።